በእንግሊዝኛ በትክክልና በአክብሮት መጠየቅ፦ ደረጃ በደረጃ

«ንገረኝ»፣ «ንገሪኝ»፣ «ንገሩኝ»፣ «ይንገሩኝ»። አራቱም በእንግሊዝኛ «ቴል ሚ» ናቸው። አማርኛ አክብሮትን ግሱ ላይ ያኖራል፤ አንድ ፊደል ሲለወጥ ጓደኛና አዛውንት ይለያሉ። እንግሊዝኛ ግን «አንተ»ን ከ«እርስዎ» የሚለይበት ቃል የለውም፤ ሁሉም «ዩ» ነው። በልቡ «ይንገሩኝ» ብሎ በአፉ «ቴል ሚ» የሚል ሰው ሰሚው ጆሮ የሚያደርሰው ትእዛዝ ነው።

እንግሊዝኛ አክብሮት የለውም ማለት ግን አይደለም። የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው፦ በጥያቄው መጀመሪያ ላይ በሚመጣው ረዳት ግስ፣ የኃላፊ ጊዜን ቅርጽ ለአሁን በመዋስ፣ እንዲሁም አንዱን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ ውስጥ በመጠቅለል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ጥያቄውን በትክክል መገንባት፣ ቀጥሎ ማለስለስ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ የተሰበረ ጥያቄ ላይ «ፕሊዝ» መጨመር አይጠግነውም።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር በፊደላችን ተጽፏል። ፊደላችን ሁሉንም የእንግሊዝኛ ድምፅ አይዝም። በተለይ «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት» ሲነገሩ የምላስ ጫፍ በጥርስ መካከል ብቅ ይላል፤ እንደ «ዘመን» ዘ አይደሉም።

ደረጃ አንድ፦ ጥያቄውን መገንባት

በአማርኛ «መጣ» እና «መጣ?» የሚለያዩት በድምፅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የቃላቱን ቦታ ያለዋውጣል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዋዝ»፣ «ካን»፣ «ዊል» የመሰለ ረዳት ካለ እሱን ከባለቤቱ ፊት አውጡት። «ሺ ኢዝ ሬዲ» ማለት «ዝግጁ ናት» ነው፤ ሲጠየቅ «ኢዝ ሺ ሬዲ?» ይሆናል። «ዩ ካን ስዊም» ደግሞ «ካን ዩ ስዊም?»።

ረዳት ከሌለ አንድ ታመጣላችሁ፦ ለአሁን «ዱ» ወይም «ደዝ»፣ ላለፈ «ዲድ»። «ዩ ሊቭ ሂር» ሲጠየቅ «ዱ ዩ ሊቭ ሂር?» ይሆናል። «ሂ ሊቭዝ ሂር» ደግሞ «ደዝ ሂ ሊቭ ሂር?»። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ሊቭዝ» መጨረሻ ላይ የነበረችው «ዝ» ጠፍታለች፤ «ደዝ» ወስዷታል። «ዲድ»ም እንዲሁ ያለፈውን ጊዜ ይሸከማል፣ ዋናው ግስ ወደ ጥሬ መልኩ ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ጎ?» እንጂ «ዲድ ዩ ዌንት?» አይባልም። ይህ ስሕተት የሚደጋገመው የአማርኛ ግስ ሁሉንም በራሱ የሚሸከም ስለሆነ ነው። «ሄድክ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ አብረው አሉ፤ ዋናው ግስ ጊዜ ሳይኖረው ባዶውን ሲቆም ለጆሯችን ይጎድልብናል። እንግሊዝኛ ውስጥ ጊዜው አንዴ ብቻ ይነገራል፣ እሱም ረዳቱ ላይ ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት «አር ዩ አግሪ?» ነው። «አግሪ» ግስ ስለሆነ ረዳቱ «ዱ» ነው፦ «ዱ ዩ አግሪ?» «አር» ከግስ ጋር የሚሄደው ግሱ በ«ኢንግ» ሲጨርስ ነው፦ «አር ዩ ዎርኪንግ?» (ከዚህ የተለየው እንደ «ተደረገ» ያለው ተደራጊ ግስ ነው፤ ለዕለት ጥያቄ ብዙም አያስፈልግም።)

የጥያቄ ቃል ካለ ከሁሉም ፊት ይቆማል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል አይነካም፦ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»፣ «ዌን ደዝ ኢት ስታርት?»። በአማርኛ «አንተ የት ትኖራለህ?» ስንል የጥያቄው ቃል መሃል ነው፤ ያንን ይዞ «ዩ ሊቭ ዌር?» ማለት ያታልላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ይሉታል፤ የሚሉት ግን ሲገረሙ ወይም የሰሙትን ማመን ሲያቅታቸው ነው። «የት ነው ያልከኝ?!» እንደማለት ነው።

«ማን» እና «ማንን»

አንድ ጊዜ ግን «ዲድ» አይገባም፦ የጥያቄው ቃል ራሱ የድርጊቱ ባለቤት ሲሆን። «ሁ ኮልድ ዩ?» ማለት «ማን ደወለልህ?» ነው። «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ደግሞ «ለማን ደወልክ?»። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደዋዩና የተደወለለት ልዩነት ስለሆነ ቀላል አይደለም። አማርኛችን እዚህ ጥሩ መፈተሻ ይሰጠናል፦ በአማርኛ ስታስቡት «ማን» ወይም «ምን» ብቻውን ከቆመና ድርጊቱን የሚፈጽመው እሱ ከሆነ «ዲድ» አያስፈልግም። «ምን ሆነ?» «ዋት ሃፐንድ?» ነው። «ማንን»፣ «ለማን»፣ «ከማን» ካላችሁ ግን «ዲድ» ይምጣ።

«ከየት»፣ «ለምን ጉዳይ»፣ «ከማን ጋር» ስንል መስተዋድዱ ከጥያቄው ቃል ጋር ተጣብቆ ይቀድማል። በዕለታዊ እንግሊዝኛ መጨረሻ ላይ ይቀራል፦ «ዌር አር ዩ ፍሮም?»፣ «ሁ ዲድ ዩ ጎ ዊዝ?»። ጆሮ ስለማይለምደው ብዙ ሰው ይጥለዋል። በተለይ በአማርኛ መስተዋድድ የሌላቸው ግሶች ላይ ተጠንቀቁ። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» ነው፤ «ምን እየፈለግክ ነው?» ደግሞ «ዋት አር ዩ ሉኪንግ ፎር?»። ያለ «ፎር» ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው።

«ስንት» እና ጣጣው

«ስንት» የምንላት አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ ብዙ ቦታ ትበተናለች። ለሚቆጠር ነገር «ሃው ሜኒ»፣ ለማይቆጠርና ለዋጋ «ሃው ማች» ነው። «ስንት ሰዓት ነው?» ግን «ሃው ማች ታይም» ሳይሆን «ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» ይባላል። «ስንት ጊዜ» ደግሞ ሦስት ነገር ሊሆን ስለሚችል የቱን እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ፦ በምን ያህል ድግግሞሽ ከሆነ «ሃው ኦፍን»፣ በቁጥር ስንቴ ከሆነ «ሃው ሜኒ ታይምዝ»፣ ምን ያህል ይፈጃል ከሆነ «ሃው ሎንግ ደዝ ኢት ቴክ?»። «ስንተኛ» ጭራሽ አቻ የለውም። ዙሪያውን መሄድ ነው ያለው፦ ስንተኛ ፎቅ ለማለት «ዊች ፍሎር?»፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ለማወቅ «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብሎ ከዚያ መቀጠል።

«በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» ለማለትም ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። «ዋት» ከ«ኮል» ጋር ይሄዳል፦ «ዋት ዱ ዩ ኮል ዚስ?» «ሃው» ከ«ሴይ» ጋር፦ «ሃው ዱ ዩ ሴይ ዚስ ኢን ኢንግሊሽ?» «ሃው ዱ ዩ ኮል ዚስ?» ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው ዓመታት ይዞት ይኖራል።

ደረጃ ሁለት፦ በሩን ማንኳኳት

ሰውን ለማስቆም ወይም ትኩረቱን ለማግኘት «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይቀድማል። ከዚያ ሰውየው ቀና እስኪል አንድ ትንፋሽ ያህል ጠብቁ፤ ጥያቄውን አያይዞ ማፍሰስ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያስበላል፣ ጥያቄውም ይደገማል። ሥራ ላይ ያለን ሰው ካቋረጣችሁ «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ» (ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ) ይሻላል።

አጠራር ላይ፦ «ሚስተር» እና «ሚዝ» የሚከተላቸው የቤተሰብ ስም ነው። «አቶ» ከግለሰቡ ስም ጋር እንደሚሄደው አድርጎ «ሚስተር» ከመጀመሪያ ስም ጋር ማያያዝ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ «ሚስተር» ብቻውን ተጠርቶ ደግሞ ሻካራ ይሆናል። የማታውቁትን ሰው ያለ ስም «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብላችሁ ብታናግሩት ምንም አይጎድለውም።

ደረጃ ሦስት፦ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ መጠየቅ

መስኮት እንዲከፈት ትፈልጋላችሁ እንበል። «ኦፕን ዘ ዊንዶው» ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ ኦፕን ዘ ዊንዶው» ጨዋ ትእዛዝ ነው፣ ግን ያው ትእዛዝ ነው፤ ሰውየው እንቢ የሚልበት ቀዳዳ የለውም። እንግሊዝኛ ትሕትናን የሚለካው በዚህ ቀዳዳ ስፋት ነው።

«ካን ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ለቅርብ ሰው ይበቃል። «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው፣ ፕሊዝ?» ለማንም፣ የትም ይሆናል፤ አንድ ቅርጽ ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰው ይህንን ይያዝ። «ኩድ» የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ቢሆንም እዚህ ስላለፈ ነገር አይናገርም። ጊዜውን ወደኋላ መግፋት ጥያቄውን ከሰውየው ፊት ትንሽ ያርቀዋል፣ በዚያም ይለሰልሳል። «አይ ዋንት» «አይድ ላይክ» የሚሆነው፣ «ዱ ዩ ዋንት?» «ዉድ ዩ ላይክ?» የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» አንድ እርከን ከፍ ይላል። ከ«ማይንድ» ቀጥሎ ያለው ግስ በ«ኢንግ» ይጨርሳል። ትርጉሙ «ቢከፍቱት ቅር ይልዎታል?» ስለሆነ የፈቃደኛ ሰው መልስ አሉታዊ ነው፦ «ኖት አት ኦል»፣ «ምንም ቅር አይለኝም» ማለቱ ነው። «ኖ»ን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፤ ሰውየው መስኮቱን ሊከፍት እየተነሣ ነው። እናንተ ስትጠየቁ ደግሞ «የስ» ብላችሁ ከዘጋችሁት «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ሊሆን ይችላል። «ሹር» ብትሉ ችግር የለም፣ ሰው ሁሉ እንደ እሺታ ይረዳዋል።

ትልቅ ነገር ስትጠይቁ «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ ዊዝ ዚስ» ይመጣል። ቃል በቃል «ሊረዱኝ ይችሉ ይሆን እያልኩ ነበር»። ጊዜው ወደኋላ ተገፍቷል፣ «ኢፍ» ጥርጣሬ ጨምሯል፣ መልኩም ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ተራ ዓረፍተ ነገር ሆኗል፤ ስለዚህ ሲጻፍ መጨረሻው ነጥብ እንጂ የጥያቄ ምልክት አይደለም።

የትኛውን እርከን መምረጥ እንዳለባችሁ ሦስት ነገር ይወስናል፦ የምትጠይቁት ነገር ክብደት፣ ከሰውየው ጋር ያላችሁ ቅርበት፣ ጉዳዩ የሥራ ግዴታው መሆን አለመሆኑ። ከፍ ማድረግ ሁልጊዜ ይሻላል ብላችሁ አታስቡ። ከወንድም ጨው ለመቀበል «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ» ማለት ያኮረፈ ሰው ያስመስላል። ምግብ ወይም ዕቃ ለማዘዝ ደግሞ «ጊቭ ሚ» ሳይሆን «ኩድ አይ ሃቭ ዚስ ዋን፣ ፕሊዝ?» ነው፤ ጥያቄው ከ«ዩ» ወደ «አይ» መዞሩን ልብ በሉ፣ ሰውየውን ከማዘዝ ለራስ መጠየቅ ሆኗል።

«ፕሊዝ» መጨረሻ ላይ ወይም ከ«ዩ» ቀጥሎ ይቀመጣል፦ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ዌይት?» አንዴ ይበቃል። ደጋግሞ ማለት ልመና ወይም ትዕግሥት ማጣት ይመስላል።

ፈቃድ መጠየቅ

«ካን አይ»፣ «ኩድ አይ»፣ «ሜይ አይ»፤ የመጨረሻው ከበድ ያለና ለሥነ ሥርዓት የሚሆን ነው። በስልክ «ሁ አር ዩ?» ከማለት «ሜይ አይ አስክ ሁዝ ኮሊንግ?» (ማን ልበል?) ይባላል። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ «ዉድ ዩ ማይንድ ሲቲንግ ሂር?» የሚቀመጠው እሱ ነው። «ኢፍ አይ» ከተዘለለ መቀመጫ የለመነው ሰው ሌላውን ተቀመጥ ብሎ አረፈ።

መዋስና ማዋስ በአማርኛ ከአንድ ሥር ስለሚወጡ በእንግሊዝኛም ይደባለቃሉ። ወሳጁ «ቦሮው»፣ ሰጪው «ሌንድ» ነው፦ «ካን አይ ቦሮው ዮር ፔን?» ወይም «ኩድ ዩ ሌንድ ሚ ዮር ፔን?»። «ካን ዩ ቦሮው ሚ» አትበሉ።

ደረጃ አራት፦ ጥያቄን በጥያቄ መጠቅለል

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በደረጃ አንድ የተማራችሁትን እዚህ ትቀለብሳላችሁ። «ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን?» ትክክል ነው፤ ለማታውቁት ሰው ግን ይደርቃል። ፊቱ ላይ «ኩድ ዩ ቴል ሚ» ሲጨመር ውስጡ ይገለበጣል፦ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ስቴሽን ኢዝ?» «ኢዝ» ወደ መጨረሻ ሄደ። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን?» የሚለው በትሕትና የተሞላ ቢሆንም የተሳሳተ ነው።

«ዱ»፣ «ደዝ»፣ «ዲድ» ደግሞ ጨርሰው ይወጣሉ። «ዋት ታይም ደዝ ኢት ስታርት?» ሲጠቀለል «ዱ ዩ ኖው ዋት ታይም ኢት ስታርትስ?» ይሆናል፤ «ደዝ» ወስዳው የነበረችው ምልክት ወደ ግሱ ተመለሰች። «ዌር ዲድ ሺ ጎ?» ደግሞ «ዱ ዩ ኖው ዌር ሺ ዌንት?»። አንድ ጥያቄ አንድ ግልበጣ ብቻ ይችላል። ግልበጣውን «ኩድ ዩ» ወይም «ዱ ዩ» አስቀድሞ ስለወሰደው ለውስጠኛው የሚተርፍ የለም።

አማርኛ እዚህም ይረዳል። «ጣቢያው የት እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ስንል ውስጡ «የት ነው» ሳይሆን «የት እንደሆነ» ሆኗል። በአማርኛ ስታስቡት «እንደ» ከመጣ በእንግሊዝኛ ግልበጣ የለም። ይህንን መፈተሻ በሃያና በሠላሳ ጥያቄ ላይ ሞክሩት፤ ከሕጉ ይልቅ ፈጥኖ ይደርስላችኋል።

መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ ሲጠቀለል መጋጠሚያ ያስፈልገዋል፣ እሱም «ኢፍ» ነው፦ «ኢዝ ዘ ኦፊስ ኦፕን?» «ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዘ ኦፊስ ኢዝ ኦፕን?» ይሆናል። «ዱ ዩ ኖው ኢዝ ዘ ኦፊስ ኦፕን?» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ለማያውቁት ሰው ከሁሉም የሚለሰልሰው «ዱ ዩ ሃፐን ቱ ኖው» ነው፤ «ምናልባት ያውቁ ይሆን?» እንደማለት፣ ሰውየው ባያውቅ እንዳያፍር አስቀድሞ መንገድ ይተውለታል።

«ዋይ» የሚለውን ቃል መጠቅለል ልማድ ይሁንላችሁ። «ዋይ ዲድ ዩ ዱ ዛት?» ለመረዳት ብቻ የተጠየቀ ቢሆንም ክስ ሊመስል ይችላል። «ካን አይ አስክ ዋይ ዩ ዲድ ዛት?» ይለዝባል። «ዋይ ዶንት ዩ ሲት ዳውን?» ብትባሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግብዣ እንጂ ወቀሳ አይደለም፤ «አትቀመጥም?» እንደማለት ነው።

ድምፅ

አዎ ወይም አይደለም የሚጠብቅ ጥያቄ መጨረሻው ላይ ድምፅ ከፍ ይላል። በ«ዌር»፣ «ዋት»፣ «ዌን» የሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ያርፋል። «ኩድ ዩ… ፕሊዝ?» በወጥና ዝቅ ባለ ድምፅ ከተነገረ ቃላቱ ቢያምሩም ትእዛዝ ይሆናል።

አሉታዊ ጥያቄና «አይደል?»

«አልበላህም?» ስንባል ካልበላን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን፤ ከጠያቂው ጋር መስማማታችን ነው። በእንግሊዝኛ መልሱ የሚከተለው እውነታውን ነው። «ዲድንት ዩ ኢት?» ተብላችሁ ካልበላችሁ «ኖ፣ አይ ዲድንት»፣ ከበላችሁ «የስ፣ አይ ዲድ» ነው። «የስ» ብሎ ዝም ማለት ተቃራኒውን ስለሚያስይዝ ከቃሉ ቀጥሎ አጭሯን ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ስትጠይቁም አሉታዊ ጥያቄ አታብዙ፤ «ዶንት ዩ ኖው?» «ይህን እንኳ አታውቅም?» ሊመስል ይችላል።

«አይደል?» የምንላት ጭራ በእንግሊዝኛ በየዓረፍተ ነገሩ ትቀያየራለች፦ «ኢት ኢዝ ክሎዝድ፣ ኢዝንት ኢት?»፣ «ሺ ሊቭዝ ሂር፣ ደዝንት ሺ?»። ሁሉም ቦታ «ኢዝንት ኢት» መለጠፍ አይሠራም። ጭራዋን በፍጥነት ማስላት እስክትችሉ ድረስ ለጓደኛ «ራይት?» በቂ ነው።

ሳይሰማ ሲቀር

«ዋት?» ብቻውን «ምን?!» ነው። «ሶሪ?» ድምፁ ከፍ ብሎ ሲነገር «አቤት፣ አልሰማሁም» ይሆናል። ሙሉው «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» ነው። ፍጥነት ካስቸገራችሁ «ኩድ ዩ ስፒክ ኤ ሊትል ሞር ስሎውሊ፣ ፕሊዝ?» በሉ፤ አንድ ቃል ካልገባችሁ «ዋት ደዝ ዛት ሚን?» እንጂ «ዋት ሚንዝ?» አይደለም። ሁሉን ከማስደገም የጠፋውን ክፍል ብቻ መጠየቅ ይሻላል፤ በተለይ ቁጥር ሲሆን፦ «ዲድ ዩ ሴይ ፊፍቲን ኦር ፊፍቲ?» 15 ላይ ጫናው መጨረሻ፣ 50 ላይ መጀመሪያ ነው። አሁንም ካልተለየ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዜሮ?» ብላችሁ ነጣጥሉት።

አንድ ጥያቄ ከመነሻው እስከ መድረሻው

በአማርኛ «ይህ አውቶቡስ መሃል ከተማ ይሄዳል?» ብላችሁ አሰባችሁ። ግሱ «ጎ»፣ ረዳት የለም፣ ባለቤቱ አውቶቡሱ ነው፤ ስለዚህ «ደዝ»፦ «ደዝ ዚስ ባስ ጎ ቱ ዘ ሲቲ ሴንተር?» «ጎ» እንጂ «ጎዝ» አይደለም። ለሹፌሩ ይህ ከ«ኤክስኪዩዝ ሚ» ጋር ይበቃል፣ የሥራው ጉዳይ ነው። አጠገባችሁ ለቆመ መንገደኛ ግን ጠቅልሉት፦ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዚስ ባስ ጎዝ ቱ ዘ ሲቲ ሴንተር?» አሁን «ጎዝ» ተመልሷል፣ «ደዝ» ወጥቷል፣ «ኢፍ» ገብቷል። ካወቀና ከነገራችሁ «ታንክ ዩ»። «ሶሪ፣ አይ ዶንት ኖው» ካለ ደግሞ ዝም ብሎ ፊት ማዞር አይገባም፦ «ታንክስ ኤኒዌይ»፣ ለማንኛውም አመሰግናለሁ።